ፊደላችን በተርሚናል መስኮት፤ ማሻሻል የሚጀምረው ከመሥሪያው ነው

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ፣ አሰላ፣ የተደረገ ንግግር)




የውይይት ክፍሉ ስለ ኮምፒዩተር ሥራ አንዳንድ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ አዲስ ከሚባሉት ነገሮች አንዱን ትቼ በየቀኑ የምንከፍተውን ጥቁር መስኮት፣ ማለት ተርሚናልን፣ መረጥሁ። ጥያቄዬም ሁለት ነው። በዚህ መስኮት ውስጥ በፊደላችን ሲጻፍ ምን ይደርሳል? ይህ እንዲሻሻል ከፈለግንስ ሥራውን ከየት እንጀምር?

የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የፕሮግራምን ጠባይ ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው፣ ከሁሉ በፊት ፕሮግራሙ የሚገነባበትን መሥሪያ በእጁ ማስገባት አለበት። መሥሪያው በእጃችን ካልገባ ፊደላችን ተበላሸ ብለን ማማረር እንችላለን፤ ማቃናት ግን አንችልም። ይህን ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

፩. ተርሚናል ምንድን ነው?

የተርሚናል አባት ቴሌፕሪንተር ነው። በሊኑክስ ውስጥ የተርሚናሉ መጠሪያ እስከ ዛሬ ድረስ «ቲቲዋይ» የሆነው ቴሌታይፕ ከሚለው ስም አጥሮ ነው። ቀጥሎም ወረቀቱ በመስተዋት ተተካ። በ1978 እ.ኤ.አ. ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ቪ.ቲ. 100 በስፋት 80 ዓምድ፣ በቁመት 24 መስመር ነበረው። ዛሬ በኮምፒዩተራችን ላይ የምንከፍታቸው ኤክስተርም፣ ግኖም ተርሚናል፣ አላክሪቲ፣ ኪቲና ዊንዶውስ ተርሚናል ሁሉ ያንን ማሽን በፕሮግራም የሚመስሉ ናቸው።

እንግዲህ የዚህ መስኮት መሠረቱ የገበጣ ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል። ገጹ እኩል እኩል በሆኑ ቤቶች ተከፍሏል፤ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ፊደል ይቀመጣል። ቤቱ ቁመቱ ከስፋቱ እጥፍ ያህል ነው። ለላቲን ፊደል ይህ ይመቻል። ለቻይና፣ ለጃፓንና ለኮሪያ ጽሕፈት ደግሞ አንድ ፊደል ሁለት ቤት እንዲይዝ ተወስኗል። ለእኛ ፊደል የተወሰነው አንድ ቤት ነው።

፪. ፊደላችን ምን ይደርስበታል?

ግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ካሉት 384 ቦታዎች 358ቱ በፊደል፣ በቁጥርና በምልክት ተይዘዋል፤ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉትም በተጨማሪ ሠንጠረዦች ገብተዋል። ስለዚህ የቁጥሩ ጉዳይ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀረው የማሳየትና የመጻፍ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም።

አንደኛው ችግር የስፋት ነው። «ነ»፣ «ገ»፣ «ተ» ጠባቦች ስለ ሆኑ በአንድ ቤት ይበቃሉ። «ጨ»፣ «ሠ»፣ «ጠ»፣ «ሟ» ግን ሰፊዎች ናቸው። እንደ አቢሲኒካ እና ኖቶ ያሉት የታወቁ ፎንቶች ለመጽሐፍ ገጽ የተቀረጹ ናቸው፤ ለእኩል ቤት አልተለኩም። ተርሚናሉ ሰፊውን ፊደል ከጠባቡ ቤት ሲያስገባ አንዱ ፕሮግራም ያደራርበዋል፤ አንዱ እስከማይነበብ ያሳንሰዋል፤ አንዱም የቀኝ ጠርዙን ይቆርጠዋል።

የቀኝ ጠርዝ መቆረጥ ለላቲን ፊደል የመልክ ጉድለት ነው፤ ለእኛ ግን የትርጉም ጉድለት ነው። የብዙዎቹ ፊደላት ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ የሚለዩት በቀኝ በኩል በሚወጣው ቅጥል ነውና። «አሉ» የሚለው ቃል የቀኝ ቅጥሉ ቢቆረጥ «አለ» ይሆናል። በአንድ ሚሊሜትር ጉድለት ብዙው ነጠላ፣ የተከበረው ያልተከበረ ሆነ ማለት ነው። ይህን ስሕተት ፊደሉን የማያውቅ የፕሮግራም ሠሪ፣ የቱንም ያህል ብልኅ ቢሆን፣ በዐይኑ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። ለእርሱ «ሉ»ም «ለ»ም ሥዕል ናቸው። ጉዳዩን እኛ እንድንይዘው የሚያስገድደን ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ችግር የባይት ነው። ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» የሚለው ቃል በፊደል 3፣ በባይት ግን 9 ነው። ከተርሚናሉ በስተጀርባ ያለው የሊኑክስ ክፍል ጽሑፉ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 መሆኑ ካልተነገረው፣ መደምሰሻውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስትጫኑ ከሦስቱ ባይት አንዱን ብቻ ያጠፋል፤ የቀሩት ሁለቱ በመስመሩ ላይ የማይታይ ፍርስራሽ ሆነው ይቀመጣሉ። ዓምድ የሚያስተካክሉ አሮጌ ፕሮግራሞችም በባይት እየቆጠሩ ሠንጠረዡን ያዛንፋሉ። ጢዮ፣ ሄጦሳ፣ ዲገሉና ጢጆ፣ ሌሙና ቢልቢሎ ብላችሁ የወረዳዎቻችንን ስም በአንድ ዓምድ፣ የስንዴውን ምርት በሌላው ብታደርጉ፣ ቁጥሮቹ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ሲሉ ታያላችሁ።

ሦስተኛው የመተየብ ጉዳይ ነው። አንድ ፊደል ለመጻፍ ሁለትና ሦስት ቁልፍ መጫን ስለሚያስፈልግ፣ ፊደሉ እስኪያልቅ ድረስ ያልጸናው ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ በጊዜያዊነት መታየት አለበት። ተርሚናሉ ይህን በትክክል ካላሳየ ጸሐፊው ምን እንደ ጻፈ ሳያይ ይጽፋል።

በከተማችን የሚጻፈው በአማርኛ ብቻ አይደለምና ስለ አፋን ኦሮሞም አንድ ቃል ልጨምር። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከስፋት ችግር ድኗል። ነገር ግን ሁድሃ የሚባለው ምልክት በተርሚናል ውስጥ የጥቅስ መክፈቻ ነው። ፍየል ለማለት «ሬኤ»ን በቁቤ በሁድሃ ጽፋችሁ የፋይል ስም ብታደርጉት፣ ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም ጥቅሱ እስኪዘጋ ድረስ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም።

፫. ከእኛ በፊት የሠሩ

ፊደልና ማሽን ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማውጣት ሲደክሙ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ከ200 የሚበልጥ ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይጻፋል? መልሱም ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥሉን ለብቻ መትቶ ማገናኘት ሆነ። በዚህ ዘዴ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ተየቡ፤ ሆኖም ቅጥሉ ከግንዱ ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር የፊደሉ መልክ ተጎድቷል ብለው የተከራከሩም ብዙዎች ነበሩ። ቀጥሎም ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ፊደላችንን ለቴሌፕሪንተር አበቁት። ቴሌፕሪንተር የተርሚናል አባት ነው ብያችሁ ነበር፤ እንግዲህ ከአባቱ ጋር አንድ ጊዜ ተስማምተን ነበር ማለት ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግእዝን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ደንብ አወጡ። ስሙ ከእንግሊዝኛው ቃላት መጀመሪያ ሲነበብ «ሴራ» ስለሚሆን በአማርኛ ያስቃል እንጂ ሥራው ቅን ነበር። ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ግእዝ ማስገቢያ ያገኘው በዚህ ዓይነት ድካም ነው፤ በየቋንቋው ሰላምታ በሚዘረዝረው ፋይሉ ውስጥም የአማርኛው «ሠላም» ይገኛል።

ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው ነገር አለ። ሁሉም ማሽኑ ከውጭ እስኪስተካከል አልጠበቁም፤ ማሽኑን ራሱን ፈትተው ገቡበት።

፬. መድኃኒቱ

የስፋቱን ችግር ለመፍታት ሦስት መንገድ ይታየኛል።

የመጀመሪያው አዲስ ፎንት መቅረጽ ነው። በጠባብ ቤት የሚገባ፣ ቅጥሉ ግን ጎልቶ የሚታይ የግእዝ ፎንት የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ከፕሮግራም ሥራ ይልቅ የቁም ጸሐፊ ሥራ ነው፤ ትዕግሥትና ጥሩ ዐይን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ለሰፊዎቹ ፊደላት ሁለት ቤት መስጠት ነው። ይህ በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን ስፋቱ በሁለት ቦታ መወሰኑ ነው። ተርሚናሉ ፊደሉ ስንት ቤት እንደሚይዝ ይቆጥራል፤ በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ «ደብልዩሲዊድዝ» የተባለውን ቆጣሪ ጠይቆ ለብቻው ይቆጥራል። አንዱ «ጠ» ሁለት ቤት ነው፣ ሌላው አንድ ነው ያለ እንደ ሆነ ጠቋሚው ከፊደሉ ይርቅና የምትጽፉት በሌላ ቦታ ይወድቃል። በግኖም ተርሚናል ውስጥ ስፋታቸው አጠራጣሪ የሆኑ ፊደላትን ሰፊ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ግእዝ ግን በዩኒኮድ መዝገብ ከአጠራጣሪዎቹ ስላልተመደበ ያ ምርጫ አይነካውም። ስለዚህ አንዱን ወገን ብቻ መቀየር ችግሩን ከማየት ወደ መጻፍ ያዛውረዋል።

ሦስተኛው ሁለቱ ወገኖች እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። ኪቲ የተባለው ተርሚናል በ2025 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙ «ይህን ጽሑፍ በዚህን ያህል ቤት አሳይልኝ» ብሎ ለተርሚናሉ የሚነግርበትን ደንብ አውጥቷል። ደንቡ በሌሎች ተርሚናሎችም ዘንድ ተቀባይነት ካገኘ ለእኛ ትልቅ በር ይከፍታል።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? በክርክር ብቻ አይታወቅም። እያንዳንዱን ሠርቶ፣ አማርኛ አንባቢን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ወደ ዋናው ነገሬ የምደርሰው።

፭. ስለ መሥሪያው

እነዚህ ተርሚናሎች ምንጫቸው ለሁሉ የተፈቀደ ነው። ማንም አውርዶ ሊያነብ፣ ሊለውጥ ይችላል። ነገር ግን ምንጩን አንብቦ አንድ መስመር የለወጠ ተማሪ፣ የለወጠው ልክ መሆኑን የሚያውቀው ፕሮግራሙን እንደ ገና ሲገነባ ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠናው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምንጩ በሌሎች ብዙ ላይብረሪዎች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በመካከሉ መስመሩ ይቋረጣል፤ መስመሩ ሲመለስ መብራት ይሄዳል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ ሥራው ሁሉ በውጭ አገር ማከማቻ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ምንጩንና ላይብረሪውን በቤቱ ያከማቸ ግን መሥራት ይችል ነበር።

ደግነቱ የመገንቢያ መሣሪያዎች ለዚህ ሁሉ መልስ አላቸው። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ የሠራው «ሜክ» የተባለው መሣሪያ የየፋይሉን ሰዓት አይቶ የተለወጠውን ብቻ እንደ ገና ይሠራል። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለቀው ሥራ አይደገምም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መብራቱ በድንገት የሄደው አንድ ፋይል በመጻፍ ላይ ሳለ እንደ ሆነ፣ ግማሹ የተጻፈው ፋይል ሰዓቱ አዲስ ስለ ሆነ ያለቀ ይመስላል። ስለዚህ ውጤቱን በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ሲያልቅ ብቻ ወደ እውነተኛ ስሙ መለወጥ ይገባል። ይህን ትንሽ ዘዴ የሚጽፍ ሰው መብራት በማይጠፋበት አገር ብዙ ላይታሰበው ይችላል፤ እኛ ግን ልናስብበት ይገባናል።

«ሲካሽ» የሚባለው መሣሪያ ደግሞ አንድ ጊዜ የተተረጐመውን ምንጭ ውጤት አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጋዘን ያወጣዋል። ብዙ ተማሪ በአንድ ዓይነት ምንጭ ላይ ሲሠራ ይህ የሰዓታትን ድካም ያቃልላል። አላክሪቲ በረስት ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ ላይብረሪዎቹን የሚሰበስብለት «ካርጎ» ነው፤ ካርጎም ሁሉን በአንድ ማኅደር ውስጥ አከማችቶ ያለ ኢንተርኔት ለመገንባት የሚያስችል ትእዛዝ አለው። የግኖም ተርሚናል ልብ የሆነው «ቪ.ቲ.ኢ.» የተባለው ላይብረሪ በ2019ና በ2020 እ.ኤ.አ. መካከል ከአሮጌው የመገንቢያ ዘዴ ወደ «ሜሶን» ተዛውሯል። ይህን ያደረጉት ሠሪዎች ለተጠቃሚው አንድም አዲስ ነገር አላሳዩም፤ ሆኖም ለሚመጣው ሠራተኛ መንገዱን ጠርገውለታል።

የዚህ አገር ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በጭላሎ የተቋቋመው ካዱ፣ እዚሁ አሰላ ላይ የተሻሻለ ማረሻ፣ መከስከሻና በበሬ የሚጎተት ጋሪ እየሠራ ይፈትን ነበር። በአገራችን ከውጭ የመጡ ገልባጭ ማረሻዎች በየጊዜው ተሞክረዋል፤ ብዙዎቹ ግን በገበሬው ዘንድ አልዘለቁም። ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ ክብደታቸው፣ ዋጋቸውና ሲሰበሩ በመንደር አለመጠገናቸው ናቸው። የአርሲ ገበሬ ግን ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩና እርፉ ሲሰበር ራሱ ጠርቦ ይተካዋል፤ ማረሻውና ወገሉ ሲጎዳም የመንደሩ አንጥረኛ አለለት። የአሮጌው ማረሻ ብርታት ከጉልበቱ ይልቅ መሥሪያው በመንደሩ መሆኑ ነው። አዲሱ ማረሻ ከአሮጌው ሊበልጥ ይችላል፤ አንጥረኛው የማያውቀው ከሆነ ግን የአንድ ክረምት እንግዳ ነው።

ተርሚናልም እንደዚሁ ነው። አንድ በጎ ሰው ከውጭ ሆኖ ለግእዝ የሚሆን ማሻሻያ ቢያደርግልን እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በሚቀጥለው እትም ቢበላሽ የሚያቃናው ማን ነው? አንጥረኛው ከመካከላችን ካልሆነ ማሻሻያው አይዘልቅም።

፮. ስለ ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ሰዎች «ተርሚናል የእንግሊዝኛ ቦታ ነው፤ ትእዛዙ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ፊደላችን ምን ይሠራል?» ይላሉ። እርግጥ ትእዛዙ እንግሊዝኛ ነው፤ የምናዝዝበት ነገር ግን የእኛ ነው። የገበሬው ስም፣ የበሽተኛው ስም፣ የቀበሌው ስም፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ በእኛ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስሙ ተቆርጦ የሚታይ ሰው መዝገቡ ትክክል ነው ሊባል አይችልም።

ሌሎች ደግሞ «የተዘጋጀውን አውርዶ መጠቀም እየተቻለ መገንባት ለምን?» ይላሉ። ለዚህ መልሱ ከላይ ተነግሯል፤ የተዘጋጀው የተዘጋጀው ለሌላ ዐይን ነው።

፯. ምን እናድርግ?

ነገሬን በምኞት ብቻ እንዳልጨርስ፣ በአንድ የትምህርት ዘመን ሊፈጸሙ የሚችሉ አራት ሥራዎች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የመፈተኛ ገጽ እናዘጋጅ። በየፊደሉ መካከል ቋሚ መስመር ብናደርግ በ80 ዓምድ 40 ፊደል ይገባል፤ የዋናው ሠንጠረዥ 358ቱም በ9 መስመር ያልቃሉ፤ ማለት በአንድ መስኮት ይታያሉ። ይህን ገጽ በየተርሚናሉ ከፍተን የትኛው ፊደል እንደ ተቆረጠ፣ የትኛው መስመር እንደ ተዛነፈ እንመዝግብ። ከቴክኒክ ተማሪ ሌላ የቋንቋ ተማሪም በዚህ ሥራ እኩል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ በግቢያችን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሁለት ተርሚናሎች ምንጭ፣ የሚያስፈልጓቸው ላይብረሪዎችና የጥቅል ማከማቻ ግልባጭ ይቀመጥ። አንድ ተማሪ አንድ ጊዜ ያወረደውን ሌላው መቶ ጊዜ አያውርድ።

ሦስተኛ፤ በአንድ ትእዛዝ ብቻ ከምንጭ እስከ ተከፈተ መስኮት የሚያደርስ የመገንቢያ ጽሑፍ ይጻፍ፤ በመጨረሻውም የመፈተኛውን ገጽ ራሱ ይክፈት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያለ ረዳት ካልገነባበት ሥራው አላለቀም እንበል።

አራተኛ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጉድለት፣ አንድ ብቻ፣ መርጠን እናቃና፤ ለሠሪዎቹም ከሥዕሉና ከማብራሪያው ጋር እንላክ። «አሉ» እና «አለ»ን ጎን ለጎን አድርገን ብናሳያቸው፣ ፊደሉን የማያውቅ ሰው እንኳ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል።

መምህራንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። የመመረቂያ ሥራ ስትሰጡ አዲስ ፕሮግራም ከባዶ መጀመርን ብቻ እንደ ቁም ነገር አትቁጠሩ። የቆየውን ፕሮግራም መርምሮ፣ መሥሪያውን አስተካክሎ፣ አንድ ጉድለት ያቃና ተማሪም ዋጋ ይሰጠው። በየዓመቱ ተጀምረው በየመደርደሪያው ከሚቀሩት ብዙ ሥራዎች፣ በእውነተኛ ፕሮግራም ውስጥ የገባ አንድ መስመር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜ ፊደሉ ለማሽኑ እንዲያጥር ተጠይቆ ነበር። በዚያን ዘመን ማሽኑ ብረት ስለ ነበረ መፍረድ ያስቸግራል። የዛሬው ማሽን ግን ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ተከፍቶ በፊታችን ተቀምጧል። ለሚነበብና ለሚታረም ነገር ፊደላችንን የምናሳጥርበት ምክንያት የለም። የመፈተኛውን ገጽ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።